ደሙን ማን አደረቀው?

ልጅ ሳለሁ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጊዜው 1990ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ አራት ረድፍ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። በሩ ላይ በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ ግን የፊልም ርእስ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። «ዛሬ፦ ህንድ»፣ «ዛሬ፦ ካራቴ»፣ «ዛሬ፦ ካውቦይ» ይላል፤ በቃ። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነበር። «ህንድ» ከተባለ ዘፈንና ዕንባ አለ፤ «ካራቴ» ከተባለ መምህሩ ይሞትና ደቀ መዝሙሩ ይበቀላል፤ «ካውቦይ» ከተባለ አክተሩ ሁሉንም ገድሎ በፈረሱ ይሄዳል። የአገር ስም ለኛ የፊልም ዓይነት ስም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አያቴ ሊፈልገኝ መጣ። በርኖሱን እንደ ለበሰ፣ ዱላውን እንደ ያዘ ገባና ሊጎትተኝ ሲል ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ ተቀመጠ። የሚታየው በትከሻው ላይ የሱፍ ጨርቅ የጣለ አንድ ዝምተኛ ሰው በበቅሎ ወደ አንዲት አቧራማ ከተማ የሚገባበት ፊልም ነበር። ከተማዋን ሁለት ወገኖች ተካፍለው ይዘዋታል፤ ሰውየው ሁለቱን እርስ በርስ ያጫርሳቸዋል። አያቴ እስከ መጨረሻው ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ፊልሙ ሲያልቅ ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው፣ «በርኖሱ የኛ አይደለም እንጂ ሰውየውስ የኛ ይመስላል» የሚል ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ ደሙን ማን አደረቀው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በአያቴ አፈርሁ።

ያን ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ረስቼው ኖሬያለሁ። ያስታወሰኝ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ወዳጄ ጋር የገጠምሁት ክርክር ነው። ወዳጄ ፊልም ይሠራል። እኔ ደግሞ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ ያገኘሁትን እየጻፍሁ የማድር ሰው ነኝ። በመንዝ ደጋ ላይ ስለ ነበረ አንድ የደም ጠብ አብረን የፊልም ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። ጽሑፉን ወደ አንድ የውጭ አገር የፊልም ፌስቲቫል ለመላክ ቅጽ ስንሞላ «ዘውግ» የሚል ሣጥን ገጠመን። ወዳጄ ሳያቅማማ «ዌስተርን» ብሎ ጻፈ። «ተው፣ ዌስተርን የአሜሪካ ነው» ብለው «የጣሊያኖቹስ?» አለኝ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ልጅ ነው። አንድ አገር ለገዛ የወንጀል ፊልሞቹ ያወጣው ስም ለሌላው አገር ፊልም ይሆናል ወይስ አይሆንም? ጥያቄው የሲኒማ ወዳጆች የቡና ላይ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አንባቢ ትንሽ ቢታገሠኝ ግን ነገሩ መንዝ ውስጥ እስካለ አንድ ዋሻ ድረስ እንደሚወስደን አሳያለሁ።

ስሞች ሲሰደዱ

አስቀድሜ ለወዳጄ የሚገባውን ልስጠው። የፊልም ዘውጎች ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ ስደተኛ ነው።

«ፊልም ኗር» የሚባለውን እንውሰድ። ትርጉሙ «ጥቁር ፊልም» ነው። ዛሬ ይህ ስም ሲነሣ ሁላችንም ፊት የሚመጣው የአሜሪካ ከተማ ነው፤ ዝናብ፣ የመንገድ መብራት፣ ባርኔጣውን ዝቅ ያደረገ መርማሪ። ስሙን ያወጡት ግን አሜሪካኖች አይደሉም። በጀርመን ወረራ ዘመን የአሜሪካ ፊልም ተከልክሎባት የነበረችው ፓሪስ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 የተጠራቀሙትን ፊልሞች በአንድ ወቅት ስታይ፣ ኒኖ ፍራንክ የተባለው ሐያሲ በዚያው ዓመት በጻፈው ጽሑፍ ይህን ስም ለነዚሁ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች ሰጣቸው። ከፊልሞቹ ዳይሬክተሮች ብዙዎቹ ደግሞ እንደ ቢሊ ዋይልደር፣ እንደ ፍሪትዝ ላንግና እንደ ኦቶ ፕሬሚንገር ከቪየናና ከበርሊን ተሰድደው የመጡ ናቸው። ስሙ ፈረንሳይኛ፣ ታሪኩ አሜሪካዊ፣ ዓይኑ ጀርመናዊ ሆነ ማለት ነው።

ጣሊያኖች የወንጀል ታሪክን «ጃሎ» ይሉታል፤ «ቢጫ» ማለት ነው። መነሻው ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወንጀል ልብ ወለዶችን በቢጫ ሽፋን ማሳተሙ ነው። ለጣሊያናዊ አንባቢ የእንግሊዞቹም የአሜሪካኖቹም የወንጀል መጽሐፍ ሁሉ «ጃሎ» ነው። ከጣሊያን ውጭ ግን ቃሉ ማሪዮ ባቫና ዳሪዮ አርጄንቶ የሠሯቸውን ዓይነት የጣሊያን ፊልሞች ብቻ የሚያመለክት ሆኖ ቀረ። እዚያው ቤቱ ሰፊ የነበረው ቃል ባሕር ሲሻገር ጠበበ።

አያቴ ያየው ፊልም የሰርጂዮ ሊዮኔ ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱ 1964 እ.ኤ.አ.። ሊዮኔ ታሪኩን የወሰደው ከጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ የ1961 የሳሙራይ ፊልም ነው፤ ያለ ፈቃድ በመውሰዱም ጃፓኖቹ ከስሰው ካሣ አግኝተዋል። ኩሮሳዋ ራሱ ደግሞ ዳሺል ሃሜት ከተባለው አሜሪካዊ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ መማሩን ተናግሯል። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ የከተማ ወንጀል ታሪክ ጃፓን ገብቶ ጎራዴ ታጠቀ፤ ከዚያ ጣሊያን ሄዶ ሽጉጥ ያዘ፤ እስፓኝ በረሃ ላይ ተቀረጸ፤ በመጨረሻም መሐል ሜዳ መጥቶ በሃምሳ ሳንቲም ታየ። «ታዲያ ማን ነው ባለቤቱ?» ቢለኝ ወዳጄ እውነት አለው።

ጃማይካም አለች። በ1972 እ.ኤ.አ. ፔሪ ሄንዜል የሠራው ፊልም በ1948 በፖሊስ የተገደለውን የኪንግስተን ወንጀለኛ የሩዪጊንግን ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ከገጠር የመጣው ጀግና ሲኒማ ቤት ገብቶ የጣሊያን ካውቦይ ሲያይ እናየዋለን። የሌላ አገር ዘውግ የድኻ አገር ልጅ ሕልም ሆኖ ይገባል፤ በመጨረሻም ፖሊስ ሲከብበው የሚሞተው እንደዚያ ፊልም አክተር ሊሆን እየሞከረ ነው። ሄንዜል ግን ስሙን ሳይመረምር አልተዋሰም። ስሙ ልጁን ምን እንዳደረገው ነው ያሳየን።

ስም ውስጥ ያለ ሕግ

ታዲያ ከወዳጄ ጋር የማልስማማው የቱ ላይ ነው?

አንድ የወንጀል ፊልም ዘውግ ባርኔጣና ጥላ፣ ፈረስና ሽጉጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር ባላስፈለገ። እኔ እንደማየው ግን እያንዳንዱ ዘውግ ትንሽ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ተበዳዩ ማን ነው? የሚመረምረው ማን ነው? የሚፈርደው ማን ነው? ነገሩ አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው? ዘውጉ ለነዚህ አራት ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ይዟል። ተመልካቹም የሚገባው መልሱን አውቆ ነው።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስል ማስረጃ ላቅርብ። ሆሊዉድ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል በጥብቅ በተገበረው የምግባር ደንብ መሠረት ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም ሊያልቅ አይችልም ነበር። የጋንግስተሩ ፊልም የምናውቀው መጨረሻ፣ አስፋልት ላይ መውደቁ፣ ከደራሲው ልብ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ደንብ ነበር። ሕንድም እንዲሁ። በ1975 የወጣውን «ሾላይ»ን ያላየ የኔ ዘመን ልጅ ጥቂት ነው። አንድ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ቤተሰቡን የጨረሰበትን ወንበዴ ጋባር ሲንግን ለመያዝ ሁለት ሌቦችን ይቀጥራል። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ በቀረጸው መጨረሻ መኮንኑ ወንበዴውን በእግሩ ረግጦ ይገድለዋል። ጊዜው የኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዘመን ነበርና የሳንሱር ቦርዱ ይህ አይሆንም አለ፤ የፖሊስ መኮንን የነበረ ሰው ሕግን በእጁ መውሰድ የለበትም። ስለዚህ መጨረሻው እንደገና ተቀረጸ፤ ፖሊስ ደርሶ ወንበዴውን ይረከባል። እኛ መሐል ሜዳ ያየነው ይህንኑ የመንግሥትን መጨረሻ ነበር።

የጃፓኑን የያኩዛ ፊልም ብናይ ደግሞ ጭንቁ ሌላ ነው። ጀግናው በግዴታና በሰውነት ስሜት መካከል ይቃጠላል፤ ለአለቃው ያለበት ዕዳ አንድ ነገር ያዝዘዋል፣ ልቡ ሌላ። ጃፓኖች «ጊሪ» የሚሉትን ቃል እኛ በግድ ብንተረጉመው «ይሉኝታ» አካባቢ እናርፋለን። የሆነ ሆኖ የያኩዛ ፊልም ያለዚህ ቃል የቢላዋ ድብድብ ብቻ ነው።

እንግዲህ መለኪያዬ ይህ ነው። ስሙ መልክን የሚገልጽ ከሆነ የትም አገር ይሄዳል። ጥላና ብርሃኑ ኗር የሆነ የአዲስ አበባ ፊልም ቢሠራ ኗር ብንለው ነውር የለውም። ስሙ ሕግ ይዞ ሲመጣ ግን የአገሩን ሕግ አስወጥቶ ራሱ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ፊልሙ የኛን ሰዎች እያሳየ የሰው አገር ፍርድ ይፈርዳል።

የኛ መርማሪ ማን ነበር?

በድሮው የኢትዮጵያ ገጠር ወንጀል ሲፈጸም ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ የሚመጣ መርማሪ አልነበረም። አፈርሳታ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሞቶ ሲገኝ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም። ያየ ሰው ጠላት እንዳያፈራ ምስክርነቱን በስውር ይሰጣል፤ የተመረጡት ሽማግሌዎችም «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም መርማሪ ነው።

ይህ ከእንግሊዞቹ የመርማሪ ታሪክ ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ እዚያም ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ልዩነቱ እንግሊዞቹ አንድ ብልህ ሰው ከውጭ መጥቶ እንዲፈታላቸው መፈለጋቸው ነው። አፈርሳታ ግን ከውጭ የሚመጣ ብልህ አይጠብቅም፤ እውነቱ ከመካከላችን አለ፣ የጎደለው ድፍረት ነው ይላል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ይህን ሥርዓት ርእስ አድርጎ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ታትሟል። መነሻው የተቃጠለ ጎጆ ነው። የውጭ አንባቢ የወንጀል ልብ ወለድ ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ እኛ ግን ማን አቃጠለው ከሚለው ይልቅ መንደሩ እንዴት አብሮ ያድራል የሚለውን እናነብበታለን።

ሲኒማችንም ወንጀልን ሲነካ ወደዚሁ ያዘነብላል። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ መጨረሻ የሠራው ፊልም ርእሱ «ጉማ» ነው፤ በኦሮሞ ባህል የደም ካሣና የዕርቅ ሥርዓት ስም። ዛሬ በየዓመቱ ለፊልም ባለሙያዎች የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው። ከአገራችን ቀደምት ፊልሞች አንዱ የሆነው የወንጀል ታሪክ የተጠራው በገዳዩ ስም ወይም በመርማሪው ስም አይደለም፤ በማስታረቂያው ስም ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ያወጣውን «ድፍረት»ን ደግሞ እናስታውስ። ጠላፊዋን የገደለች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። የውጭ ተመልካች የፍርድ ቤት ድራማ ብሎ ይመድበዋል። ይሁንና ፊልሙ ውስጥ ሁለት ችሎቶች አሉ፤ አንደኛው የመንግሥት፣ ሁለተኛው የሽማግሌዎች። የሽማግሌው ሸንጎ ለልጅቱ ፍትሕ ሊሆናት አልቻለም። ይህን የምጠቅሰው አያቴ የሚያመሰግነው ሥርዓት ሁሉ መልካም ነው እንዳልባል ነው። የዕርቅ ሽማግሌዎች ሴት ልጅን የሚያዩበት ዓይን ብዙ ጊዜ ጠማማ ነበር። ፊልሙ ይህን ማሳየት የቻለው ግን ሁለቱንም ሕጎች በስማቸው ስለ ጠራቸው ነው።

ሽፍታ የሚለው ቃል ታሪክ

ወደ መንዝ እንመለስ። ወዳጄ «ዌስተርን» ያለው ታሪክ በአገሩ ቋንቋ የሽፍታ ታሪክ ነው። መንዝ በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር የሚከፈል፣ ርስት ከነፍስ የሚቆጠርበት ደጋ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአማራውን ገበሬ ኑሮ ለማጥናት የመረጠው ይህንኑ አገር ነበር። በርስት የተበደለ፣ በዳኛ የተረታ፣ ወይም በድንበር ጠብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ምንሽሩን ወይም ውጅግራውን ይዞ ወደ ጓሳ ወይም ወደ ወንጭት በረሃ ይወርዳል። ሸፈተ ይባላል። ቃሉ ግን ስድብ ብቻ አይደለም። ልብ እንኳ በአማርኛ ይሸፍታል። ካሣ ኃይሉ ቋራ ውስጥ ሽፍታ ነበር፤ በየካቲት 1847 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻን ገበሬዎች የመራው አበጀ በለውም ሽፍታ ነው፤ እስቲ ማን አንባቢ ነው አበጀን የጠላው?

የታሪክ ሊቃውንትም የገጠማቸው የኛው የፊልም ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆብስባውም በ1959 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው መጻሕፍት «ማኅበራዊ ወንበዴ» የሚል ስም አወጣ፤ ለድኻው የሚቆም፣ ጌታውን የሚዘርፍ፣ ገበሬው የሚሸሽገው ወንበዴ። ስሙ ከሲሲሊ እስከ ብራዚል ተዛመተ። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠናው ዶናልድ ክራሚ ግን በ1986 ባዘጋጀው መጽሐፍ ይህ ስም በኛ ሽፍታ ላይ በቀጥታ እንደማይሠራ አሳየ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያ ሽፍቶች ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። የሸፈቱት ሥርዓቱን ለማፍረስ ሳይሆን በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሹመት ለማግኘት ነው። ሽፍትነት የሹመት ደጅ መጥኛ ነበር ማለት ይቻላል። የሌላ አገር ስም ቢለጠፍበት ገዥውን ድኻ፣ ድኻውንም ገዥ አስመስሎ ያሳየናል።

እንዲህ ስል ግን ስም በመለጠፍ ተበዳዮቹ እኛ ብቻ እንዳንመስል። የኛም ስም ተሰዷል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤርትራን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ቃሉን በመዝገባቸው ጻፉት። ከ1963 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰሜን ኬንያ ውስጥ ከሶማሊያ ጋር ለመቀላቀል የተዋጉትን የኬንያ መንግሥት «ሽፍታ» ብሎ ጠራቸው፤ ጦርነቱም በዚሁ ስም በታሪክ ተመዘገበ። የፖለቲካ ጥያቄ ያነሣ ሰው ሽፍታ ከተባለ ጥያቄው ይጠፋል፤ የሚቀረው የፖሊስ ጉዳይ ነው። ቃላችን መንዝ ላይ የያዘው ክብርና ሐዘን ድንበሩን ሲሻገር ረግፎ ክሱ ብቻ ተሻገረ።

አመፀኛ ዋሻ

ስም ሕግ ይዞ ይመጣል ያልሁት በፊልም ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

በሚያዝያ 1928 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ባላምባራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። የወንጀለኛ ያዦች አለቃ ማለት ነው። እርሳቸው ወደ ሸዋ ጫካ ገብተው የሰሜን ሸዋ አርበኞች መሪ ሆኑ፤ ኋላም ራስ ተባሉ። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ግዛተ ዐፄነቱን ዐወጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚዋጋው ኢትዮጵያዊ በጣሊያን መዝገብ ወታደር መሆኑ ቀረ፤ «ሪቤሊ» ወይም «ብሪጋንቲ» ሆነ፣ አመፀኛና ወንበዴ። ይህ ሁለተኛው ስም ጣሊያኖች ለገዛ አገራቸው ያወጡት ነበር። ከ1861 በኋላ የደቡብ ጣሊያን ገበሬዎች በአዲሱ መንግሥት ላይ ሲያምፁ «ብሪጋንቲ» ተብለው፣ በ1863 በወጣ ልዩ ሕግ በወታደር ፍርድ ቤት ተረሽነዋል። ስሙ ከካላብሪያ ተነሥቶ መንዝ ገባ፤ ሕጉንም አስከትሎ። ግንቦት 28 ቀን 1928 ሙሶሊኒ የተያዙ አመፀኞች ሁሉ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዘዘ። የጦር ምርኮኛ አይረሸንም፤ ወንበዴ ግን ይረሸናል። በአንድ ቃል ለውጥ የጦር ሕግ ከአርበኛው ላይ ተነሣ።

ሲኒማም ከኋላ አልቀረም። በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸው «ሉቻኖ ሴራ አብራሪው» የተባለ ፊልም ቬኒስ ላይ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸልሟል፤ የበላይ ተቆጣጣሪው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። በመጨረሻው ላይ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ባቡር ከብበው ሲያጠቁ ይታያል። ይህ ትዕይንት ከየት እንደ መጣ ካውቦይ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አርበኛው በዌስተርን ሕግ «ሕንዳዊ» ሆነ፤ ባቡሩ ውስጥ ያለው ወራሪ ደግሞ ተበዳይ።

በሚያዝያ 1931 መጀመሪያ የጣሊያን ጦር መንዝ ውስጥ ዘረት በተባለ ቦታ አንድ ትልቅ ዋሻ ከበበ። ውስጡ ከአበበ አረጋይ ጦር ጋር የነበሩ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከተዋጊዎች ጋር ተጠልለው ነበር። ወራሪው ጦር የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ፤ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶችም ረሸነ። የሞተው ሰው ብዙ መቶ ነው። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰነዱ ተነሥቶ ዋሻውን አገኘ። ኋላም የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ገብተው የእህል ማስቀመጫ፣ የሸክላ ስብርባሪና የሰው ዐፅም አጥንተዋል። ወንበዴ የተባሉት ሰዎች ማሰሮ ነበራቸው።

የአካባቢው ሰው ዋሻውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? አመፀኛ ዋሻ። ገዳዩ ያወጣው ስም የቦታው ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ምናልባትም ሰዉ በኩራት ወስዶት ይሆናል። እንደ ሽፍታ ሁሉ ይህም ቃል በመንዝ አፍ ሁለት ፊት አለው።

ቀሪው ታሪክ

አሁን ከወዳጄ ጋር የጻፍነውን ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የአያቴ አጎት ታሪክ ነው። ከጣሊያን በፊት በርስት ድንበር ጠብ አንድ ሰው ገድሎ ወንጭት ወረደ። በዳኛ መዝገብ ሽፍታ ነበር። ጠላት ሲገባ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለ፤ በጣሊያን መዝገብ ወንበዴ ሆነ። ከ1933 በኋላ አርበኛ ተብሎ ተሸለመ። አንድ ሰው፣ አንድ ጠመንጃ፣ ሦስት ስም።

በፊልም ጽሑፋችን ውስጥ እርሱ አክተሩ ነው። የገደለው ሰው ወንበዴው፤ የሟች ወንድም ደግሞ ክፉ አሳዳጅ። በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ በገደል አፋፍ ላይ ይተያያሉ፣ ይተኮሳል፣ አሳዳጁ ይወድቃል፣ የኛ ሰው በርኖሱን አጣፍቶ በጉም ውስጥ ይጠፋል። ያምራል። ወዳጄ ይህን ትዕይንት ሲያወራ ዓይኑ ይበራል።

አያቴ የነገረኝ መጨረሻ ግን ሌላ ነበር። የሟች ወንድምም አርበኛ ሆኖ እዚያው ጫካ መጣ። ሁለት ባለ ደም በአንድ ግንባር ጀርባ ለጀርባ ሊዋጉ አይችሉምና አለቆቹና ካህናቱ ጣልቃ ገቡ። ካህናቱ መስቀል ይዘው በመካከል ቆሙ፤ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወንድም እግር ሥር ወደቀ። ካሣ ተቆረጠ፤ ክፍያውም ጠላት እስኪወጣ በቀጠሮ ተያዘ። ከነጻነት በኋላ ካሣው ተከፈለ፤ ዕርቁም እንዲጠና የሟች የወንድም ልጅ ለገዳዩ የእኅት ልጅ ተዳረች። የእኅት ልጁ አያቴ ነው። ሙሽራዪቱ አያቴ ናት። እኔ የገዳዩም የሟቹም ወገን ነኝ።

የሟች ዘመዶች ዛሬም የሚኖሩት ከኛዎቹ ጋር በአንድ ደብር ነው። በተዝካር፣ በሠርግ፣ በማኅበር አብረው ይቀመጣሉ። በኛ ፊልም ውስጥ የነርሱ አባት ወንበዴ ሆኖ፣ ያስታረቀው ወንድም ደግሞ በጥይት ወድቆ ቢያዩት ምን ይላሉ? ያ ፊልም ከዘጠና ዓመት በፊት የደረቀውን ደም ቢያረጥበው ፌስቲቫሉ ሽማግሌ አይልክልንም።

ይህን ለወዳጄ ነገርሁት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ልክ ነህ» አለ፤ ቀጥሎ «ግን ከተኩሱ በኋላ ሃያ ደቂቃ ሽማግሌ ሲናገር ማን ያያል? ዌስተርን ተኩሱ ላይ ያልቃል» አለኝ።

እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው። ዌስተርን ተኩሱ ላይ ያልቃል፤ የመንዝ ታሪክ ግን ተኩሱ ላይ ይጀምራል። ባርኔጣውን እንዋስ፣ የካሜራውን ርቀት እንዋስ፣ ዝምታውንም እንዋስ። ሊዮኔ ከኩሮሳዋ የተዋሰውን ያህል እኛም ከሊዮኔ ብንዋስ የሚከሰን የለም። መጨረሻውን ግን አንዋስ፤ መጨረሻው የሰው አገር ፍርድ ነውና።

ቅጹን እንደገና ከፈትነው። «የዕርቅ ፊልም» የሚል ምርጫ አልነበረውም። ወዳጄ «ዌስተርን»ን ሰርዞ «ወንጀል» የሚለውን መረጠ፤ በማብራሪያው ቦታም ታሪኩ ገዳይና ባለ ደም በሚታረቁበት ሜዳ ላይ እንደሚያልቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ። የመጨረሻውን ትዕይንት እንደገና እየጻፍነው ነው። ይመረጥ አይመረጥ እንጃ።

እኔ ግን በዚያ ቪዲዮ ቤት የሳቅሁትን ሳቅ አስባለሁ። ከዚያ ሁሉ ተመልካች ፊልሙ ገና አለማለቁን ያወቀ አያቴ ብቻ ነበር።